ጃንጥላው ተመልሶ ይሰፋ

ጥቅምት 14

ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ዓይንህስ? ባለፈው ደብዳቤህ ጽሕፈትህ ተንጋዶ ሳየው ያለ መነጽር ስትበይድ የከረምክ መስሎኝ ነበር። እኔ ደህና ነኝ። መልሱ ስለዘገየብህ ይቅርታ። የስንቅ መኪናው ሹፌር ሁለቴ መጥቶ ጠይቆኝ ነበር፤ ሁለቴም ደብዳቤው ግማሽ ላይ ቆሞ ከጨርቅ ክምር ሥር ተቀብሮ ነበር።

የሰማኸው እውነት ነው። አክስታችን ለሰፈሩ ምክር ቤት ወንበር ልትወዳደር ተመዝግባለች። ባለፈው ዝናብ የገበያው ቦይ ሞልቶ ቲማቲሟን ጠራርጎ ከወሰደባት ቀን ጀምሮ «ይሄን ቦይ እኔ ራሴ ካላስቆፈርኩት ማንም አያስቆፍረውም» ስትል ነበር። የምር መሆኑን ያወቅነው የምዝገባ ደረሰኟን ሚዛኗ ላይ ለጥፋ ስናይ ነው። ከእሷ ጋር የሚወዳደሩት ባለዳቦ ቤቱ ናቸው፤ ልጅ ሳለህ ጠርዙ ያረረውን ዳቦ እየመረጡ የሚሰጡህ ሰውዬ። ሌላ ተወዳዳሪ የለም።

ሰዉን አመራረጥ የማስተምረው ደግሞ እኔ ነኝ። የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ለማንም ላላደላ ቃል አስገብቶ ባጅ ሰጥቶኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዎቼን ወደ ግድግዳ ገፍቼ ወንበር እደረድራለሁ። ማን ይመረጥ አልልም፤ እንዴት ይመረጥ ነው የእኔ ሥራ። የት ይመዘገባሉ፣ ወረቀቱ ላይ ምልክቱ የት ይደረጋል፣ ምን ሲሆን ድምፅ ይበላሻል፣ ይሄንን ነው የማስተምረው። ጽሕፈት ቤቱ መለማመጃ ወረቀት የለንም ስላለኝ እኔው ሰፋሁት። ነጭ አንሶላ ላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ መሰላል፣ ማንቆርቆሪያና ጃንጥላ ለጥፌ፣ ከየጎናቸው ባዶ ሳጥን አወጣሁላቸው። ሰዉ እየተነሳ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ምልክቱን ያደርጋል፣ እኔ በብሩሽ አራግፌ ለሚቀጥለው አዘጋጃለሁ። ብታየው ትኮራብኛለህ።

አክስታችንን አሞግሺያት ያልከኝን ነገር ግን አላደርገውም። በዚያ ክፍል የአክስቴ ስም በእኔ አፍ አይነሳም። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያው ታችኛው ረድፍ ክር የምትሸጠው ሴትዮ «ስለ አክስትሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» ብላ ስትጀምር «እዚህ ስለ ተወዳዳሪ አይወራም» ብዬ አፏን ዘጋኋት። ለእሷ ካልኩ ለአንተም ማለት አለብኝ።

እህትህ


ኅዳር 2

እትዬ፣

ደህና ነኝ። ዓይኔም ደህና ነው። ጽሕፈቴ የሚንጋደደው ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ነው፤ በዚህ ካምፕ ከብረትና ከአቧራ በቀር ጠረጴዛ የሚባል ዘር የለም። የላክሽው ሹራብ ደርሶኛል። እጅጌው ረዝሟል፣ ግን ልብስ ሰፊ ዘመድ ያለው ሰው እንዲህ ብሎ አያማርርም፤ ጠቅልዬ ለብሼዋለሁ።

«አላደርገውም» ስትዪ ድምፅሽ እዚህ ድረስ ተሰማኝ። እሺ። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናታችን ስታርፍ ማን ነው ያሳደገን? ባጅሽ ነው? የአንቺን የመጀመሪያ የስፌት መኪና የገዛችው ምርጫ ጽሕፈት ቤት ናት? አንድ ቃል ብቻ ነው ያልኩሽ። «አክስቴ ጎበዝ ናት» በዪ። ይሄ ውሸት ነው? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ፤ የእኛ አክስትም ባለባጅ ዘመድ ይዛ ባዶ እጇን ልትቀር ነው።

እሷም ከፍቷታል። ለእኔ በጻፈችው ላይ «እህትህ መንገድ ላይ ስታገኘኝ እንኳ እንደ ባዳ ሰላም ትለኛለች፣ ሰው እንዳያይባት» ብላለች። ይሄን ለራስሽ አትነግርሽም፣ ታውቂያታለሽ።

ወንድምሽ


ኅዳር 19

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክ። ሹራቡን መልሰህ ላከው፣ እጅጌውን አሳጥረዋለሁ።

ለጠየቅከኝ መልሴ አሁንም እምቢ ነው። አክስቴ ጎበዝ ናት ማለት ውሸት አይደለም፤ ግን ያን ባልኩ ማግስት የባለዳቦ ቤቱ ጎረቤቶች ቅዳሜ አይመጡም። ካልመጡ ድምፃቸው በማይረባ ስህተት ተበላሽቶ ይጣላል። የአክስቴ ወገን ብቻ አመራረጥ የሚያውቅበት ሰፈር ምን ይባላል? መንገድ ላይ ስላለችው ግን ልክ ናት። አንገቴን ሰብሬ ነው የማልፋት፤ ባለፍኳት ቁጥርም አንጀቴ ያርራል።

አሁን የምነግርህን ለእሷ አትንገራት። አደራ።

ትናንት የተወዳዳሪዎች ምልክት በዕጣ ወጣ። ለአክስታችን ቁልፍ ደረሳት። ለባለዳቦ ቤቱ ጃንጥላ።

አዎ፣ ጃንጥላ። የእኔን አንሶላ አስበው። መሰላሉን ከአሮጌ ሱሪ፣ ማንቆርቆሪያውን ከከረጢት ጨርቅ ነው የቆረጥኳቸው። ጃንጥላውን ግን ከአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ከተረፈ ቀይ ሳቲን ሠራሁት። ያብረቀርቃል። መሐል ላይ ነው ያለው። ሰዉ ሁሉ፣ ልጅ አዋቂ ሳይል፣ ተነስቶ ጠመኔውን ሲይዝ እጁ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ጃንጥላው ነው። እኔም «ጎበዝ፣ ልክ ነው፣ እንዲህ ነው የሚደረገው» እያልኩ ሳጨበጭብ ከረምኩ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው። ማንበብ የማይችለው ሰው ወረቀቱን ሲዘረጋ መጀመሪያ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ምን ይመስልሃል?

ሳልጠይቅ ቀርቼ አይደለም። አንሶላውን ከመስፋቴ በፊት የትኞቹ ምልክቶች ዕጣ ውስጥ እንደሚገቡ ንገሩኝ ብዬ ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ነበር። ምስጢር ነው አሉኝ። ዛሬም ጠዋት ሄድኩ። ኃላፊው ሻያቸውን እያማሰሉ ሰሙኝ።

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት?» አሉኝ።

«ለሰዉ ልንገር። የተለማመድነው ጃንጥላ የባለዳቦ ቤቱ ምልክት አይደለም፣ አታምታቱ ልበል።»

«እሱማ አይቻልም። የመራጮች አስተማሪ የማንንም ተወዳዳሪ ምልክት በበጎም በክፉም አያነሳም። መመሪያው ላይ አለ። በዚያ ላይ እርስዎ የሌላኛዋ ተወዳዳሪ ዘመድ ነዎት።»

«ዕጣው ይደገም?»

«ዕጣ አይደገምም።»

«እሺ የሁለቱን ፎቶ የያዘ ትልቅ ወረቀት ቢለጠፍስ?»

«ይታሰብበታል» አሉኝ፣ ሻያቸውንም ጠጡ።

እህትህ


ኅዳር 27

ወንድምዓለም፣

መልስህ ሳይደርሰኝ መጻፌ ነው፤ ካልጻፍኩት የምፈነዳ ስለመሰለኝ።

ከድጡ ወደ ማጡ ገባሁ። ስለ ጃንጥላው መናገር ከተከለከልኩ ዝም ብዬ ላጥፋው ብዬ በምላጭ ፈትቼ ነቀልኩት። ቅዳሜ ሰዉ ሲገባ አንሶላው መሐል ላይ ባዶ ቦታና የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። «ጃንጥላው የት ሄደ?» አለ አንዱ። «አርጅቶ ነው» አልኩ። «ትናንት የተሰፋ ሳቲን በምን ዕድሜው አረጀ?» አለች ሌላዋ። ትምህርቱ በሹክሹክታ አለቀ።

ሰኞ ጠዋት የባለዳቦ ቤቱ ደጋፊዎች አቤቱታ ይዘው ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ተገኙ። የተወዳዳሪዋ ዘመድ የተፎካካሪዋን ምልክት ከሕዝብ ፊት በምላጭ ቆርጣ ጣለች ብለው። ሰውዬው ራሳቸው አልነበሩበትም፣ እውነት ለመናገር። ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያለበት ወረቀት መጣልኝ፤ «ጃንጥላው ተመልሶ ይሰፋ» ይላል። ስንት ዓመት መርፌ ይዤ በማኅተም ታዝዤ ስሰፋ የመጀመሪያዬ ነው።

ወረቀቱን ይዤ ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። «እሺ እሰፋዋለሁ፣ ግን እኩል እንዲሆን ቁልፍም ልጨምር» አልኳቸው።

«የአክስትዎን ምልክት?» አሉኝ ቅንድባቸውን ሰቅለው።

ሰፋሁት። እንባዬ ሳቲኑን እንዳያበላሸው በእጅጌዬ እየጠረግሁ ሰፋሁት። አሁን ጃንጥላው ከቀድሞው ይበልጥ ታዋቂ ነው፤ በጉዳዩ የማያገባው ሰው እንኳ ሊያየው ይመጣል። ብናገር ማድላት፣ ብነቅል ማድላት፣ ብጨምር ማድላት። ዝም ማለት ብቻ ነው ገለልተኛ የተባለው፣ ዝም ማለቴ ደግሞ የሚያግዘው ለማን እንደሆነ እያወቅኩ ነው። የቀረኝ «ምልክት ብቻ አትዩ፣ ስም አንብቡ፣ አጠገባችሁ ያለ ያንብብላችሁ» እያሉ መለፍለፍ ነው። የፎቶው ወረቀት እስካሁን እየታሰበበት ነው።

እህትህ


ታኅሣሥ 8

እትዬ፣

ሁለቱም ደብዳቤ ባንድ ቀን ደረሰኝ። የመጀመሪያውን ሳነብ ተናደድኩ፣ ሁለተኛውን ሳነብ ሳቅኩ፣ ከዚያ በሳቄ ተናደድኩ። ለሥራ ጓደኞቼ ብነግራቸው አንዱ «እህትህ ያንን ኃላፊ ኮቱ ላይ ጃንጥላ ትስፋበት» አለ።

እንግዲህ ብትቆጪኝም ልንገርሽ። መመሪያ መመሪያ ትያለሽ። ቤት ሲቃጠል ባልዲ ለማንሳት ማኅተም የሚጠይቅ ሰው አለ? ቤት ለቤት ዞረሽ ንገሪያቸው። ባጁን ይቀሙሽ። ምን ይመጣል? ባጅ እራት አይሆን።

ሌላም አለ። ደብቄሽ አልኖርም። ለአክስቴ ጻፍኩላት፤ የእሷ ደብዳቤ መንገዱ ሳይቆረጥ ሄዷል። አደራ እንዳልሽኝ አልረሳሁም፤ ግን እሷ ጠይቃኝ ነበር፣ «እህትህ ምን ሆና ነው ፊቷ የጠቆረው» ብላ፣ ውሸት ደግሞ ለእሷ መጻፍ አልችልበትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አሁን ብትሰድቢኝም አይመለስም። ይህን ስታነቢ ምርጫው ሳያልፍ አይቀርም። መንገዱ ያለ ወቅቱ በመጣ ጎርፍ ተቆርጦ ሹፌሩ የሚነሳበትን ቀን አያውቅም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 26

ወንድምዓለም፣

ለጤናህ ደህና ነህ ወይ? መንገዱስ ተጠገነ? እዚህ ዝናቡ አቁሟል። ቤቱም ደህና ነው፣ የጣሪያውን ቀዳዳ አስደፍኛለሁ። ክር ተወዷል። ጎረቤታችን ወንድ ልጅ ወልዳለች።

ይሄን ሁሉ የምደረድረው ዋናውን ላለመጻፍ እንደሆነ ገብቶሃል። አክስታችን ተሸንፋለች። በጥቂት ድምፅ ነው፤ የሰፈራችን የአንድ ጠባብ መንገድ ነዋሪ በተቃራኒው ቢመርጥ ወንበሩ የእሷ ነበር። የተበላሸ ድምፅ ከወትሮው እጅግ ያነሰ ነው ብለው ኃላፊው እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ። እጄን ታጥቤ መጣሁ።

ስለ አደራው አልሰድብህም፤ ስድቡ ስለማይገባህ ሳይሆን ጉልበት ስለሌለኝ። ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት አክስቴ ጋ ሄድኩ። ቲማቲም እየለየች ነበር። ልነግራት አፌን ስከፍት «አውቃለሁ» አለችኝ። «ወንድምሽ ከምርጫው በፊት ጽፎልኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? አንቺ እኮ ተወዳዳሪ ነሽ፣ መናገር ትችዪ ነበር።»

«ምን ብዬ? የእህቴ ልጅ አሳስታችኋለች ብዬ? ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ማን ይመጣልሽ ነበር?»

ቅሬታ ማቅረቢያው እስከ ዓርብ ክፍት ነበር። ማቅረብ የሚችለው ተወዳዳሪ ብቻ ነው። እኔ ራሴ ጽፌ፣ አንሶላውንም ማስረጃ ብዬ ጠቅልዬ፣ ፈርሚ ብዬ ለመንኳት። ወረቀቱን ለቃሪያ መጠቅለያ አደረገችው። መብትሽ ነው ብላት፣ መብት ለዝምድና ተብሎ አይተውም ብላት፣ በየቅዳሜው የምለፈልፈውን ሁሉ ብደግምላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ። በመጨረሻ ጉንጬን ይዛ «አጥፍተሻል፣ ይቅር ብዬሻለሁ፣ አለቀ» አለችኝ። ሳመችኝም። ከጥቅምት ጀምሮ እንዲያ ቀርቤያት አላውቅም ነበርና ገበያ መሐል እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዓርብ አለፈ። ወንበሩም ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቤቷ በገባሁ ቁጥር ለመጣው እንግዳ «እኔን ያሸነፈኝ ባለዳቦው አይደለም፣ ቀይ ሳቲን ነው» ትላለች፣ ትስቃለችም። ደህና ነች ማለት ነው? አላውቅም። እኔስ ቅዳሜውን ክፍል እንደገና ልክፈትና ሰዉ ፊት ቆሜ ልናዘዝ እያልኩ ነው።

እህትህ


ጥር 9

እትዬ፣

እግዜር ይመስገን፣ ታረቃችሁ ማለት ነው። እኔ እንደሆንኩ ከዚህ ሁሉ የፈለግሁት ይሄንኑ ነው። ይቅር ካለችሽ ይቅርታውን ተቀበዪና አርፈሽ ልብስሽን ስፊ። የሚቀጥለው ዙር ሲደርስ ደግሞ ትወዳደራለች። ለእኔ ጽፋልኛለች፤ ንግግሯን አንድ ቃል ሳትቀይር፣ ስለ ቦዩ ያለችውን እንዳለ ትደግመዋለች። «ንግግሬ ምንም አልጎደለውም፣ የጎደለው ምልክቱ ነው» ብላለች።

እንደገና ክፍል ልክፈት ላልሽው፣ ክፈቺ። ግን ሰዉ ፊት ቆሜ ልናዘዝ ያልሽውን ተዪው። የተኛ ነገር አትቀስቅሺ።

ወንድምሽ


ጥር 24

ወንድምዓለም፣

ደህና ነህ? የላክኸው የብረት መደርደሪያ ደርሶኛል፣ ብየዳው ያምራል፤ እጅህን አመስግንልኝ።

አልተውኩትም። ባጁን መልሻለሁ፣ የምርጫውም ጊዜ አልፏል፣ አሁን ማንም አያግደኝም ብዬ ቅዳሜ ሰዉን ሰበሰብኩ። አንሶላውን ዘርግቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ዕጣው፣ ስለ ምላጩ፣ ስለ ማኅተሙ። «በእኔ ጥፋት ሳትፈልጉ ጃንጥላውን መርጣችኋል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኳቸው። እንባዬ እየመጣ ነበር።

ከዚያ ያቺ ክር ሻጯ ተነሳች።

«እኛን ምን አድርገሽ ነው የቆጠርሽን?» አለችኝ። «ሥዕል ያማረንን የምንመርጥ ሕፃናት?»

«ማለቴ…»

«ማለትሽን ተዪው። አክስትሽ ቦዩን በታችኛው ረድፍ አቋርጬ አስቆፍራለሁ አለች። ጥሩ። ሲቆፈር እኛ የት ተቀምጠን እንሽጥ ብለን ጠየቅናት። መጀመሪያ ምረጡኝ አለችን። ደግመን ጠየቅናት፣ ጮኸችብን። ሰውዬው ጋ ሄድን። አላውቅም፣ ኑ አብረን እናስብ አሉን። በቃ፣ ይኸው ነው። አንቺንም ልጠይቅሽ መጥቼ ነበር። እዚህ አይወራም ብለሽ አፌን ዘጋሽኝ።»

ድምፃችሁን ለማንም አትናገሩ ብዬ ያስተማርኳቸው ሰዎች አንዱ ካንዱ እየቀደመ ምክንያታቸውን ይዘረዝሩ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ብቻ «እኔስ ጃንጥላው አምሮኝ ነው» አሉ፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ አልሳቅኩም። አፍሬ መሬት ልግባ ብዬ ነበር። ወር ሙሉ ሰዉ ተታለለ ብዬ ስብከነከን፣ ሰዉ ዓይኑን ከፍቶ መርጦ ኖሯል። ስንቱ አውቆ ስንቱ በልማድ እንደመረጠ ቆጥሮ የሚነግረኝ የለም። ነገር ግን እነዚያ ሴቶች አልተምታቱም። ለማንም ላላደላ ብዬ ጆሮዬን የደፈንኩት፣ አክስቴን ሊጠቅማት ይችል የነበረውን ብቸኛ ወሬ ነው። ገለልተኛ መሆን ደንቆሮ መሆን ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። እኔው ነኝ ያልኩት።

ያልከኝን አሰብኩበት። ዝም ልል ይገባኝ ነበር? ንግግሯን ሳትቀይር እንደምትደግመው ጽፈህልኝ፣ እኔ ዝም ብላት፣ የሚቀጥለው ጊዜም በዚያው ቦይ ውስጥ ነው የምትወድቀው። ሰኞ ሄጄ ነገርኳት። በለሆሳስ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት። የሚቀመጡበትን ስላልነገርሻቸው ነው አልኳት። ስለ ጩኸቱም ነገርኳት።

«ማነው ያለው?» አለችኝ።

«ስም አልነግርሽም።»

«እኔ አሳድጌሽ ስም አትነግሪኝም?»

«አልነግርሽም፣ አክስቴ። ግን ጠይቂያቸው፤ ይነግሩሻል። ተቆጥተው አይደለም፤ ቦዩን ይፈልጉታል።»

ሚዛኗን ስታስተካክል ቆየች። ምንም አልነበረበትም። «እንግዲያ አልፈለጉኝም ነው የምትዪኝ» አለች። ድምፅዋ ሳይጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ «ሂጂ፣ ደንበኛ ይጠብቀኛል» አለችኝ። ማንም አልቆመም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ አታናግረኝም። ትናንት በአጠገቧ ሳልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አጥፍቻለሁ ብዬ የሄድኩ ቀን ጉንጬን ስማ ይቅር ያለችኝ ሴትዮ፣ ጥፋቱ የእኔ አልነበረም ብዬ ስሄድ አኮረፈችኝ።

አንተ ደግሞ አስታራቂ ለመሆን እንደምትቸኩል አውቃለሁ። «እትዬ ተሳስታ ነው፣ ሳቲኑ ነው ያሸነፈሽ» ብለህ እንዳትጽፍላት። እኔም ብሆን ነገ ሄጄ ይህንኑ ብላት እዚያው ገበያ መሐል ትስመኛለች። ልሂድ እያልኩ ሁለቴ ነጠላዬን ለብሼ ተነስቻለሁ፣ ሁለቴም ተመልሼ ተቀምጫለሁ። አልላትም። ናፍቃኛለች፣ አልላትም።

እህትህ